በቮልስ ሞተር ለሚበር፣ በግል ለተሠራ አውሮፕላን ጋስኬት እንዴት ይመረጣል? ከየትስ ይገዛል?

አንድ ሙሉ የቮልስ ጋስኬት (በሞተር ክፍሎች መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ስብስብ ገዝተው ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት፣ ለአውሮፕላን ሞተር የማይሆኑ ቁራጮች ወዲያው ይለያሉ። ከማሞቂያ ሳጥኑ ጋር የሚያያዙት የጭስ ቱቦ ጋስኬቶች ይተርፋሉ፤ አውሮፕላኑ ላይ ማሞቂያ ሳጥን የለም። ከሲሊንደር ሥር የሚገቡት ወረቀቶች ለፋብሪካው 85.5 ሚሊ ሜትር ሲሊንደር የተቆረጡ ስለሆኑ 92 ወይም 94 ሚሊ ሜትር የተገጠመለት ሞኖብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ አይገጥሙም። የቀረው ግን፣ የቫልቭ ክዳኑ፣ የፑሽሮድ (ቫልቭ የሚገፋው ዘንግ) ቱቦ ላስቲኩና የዘይት ወንፊቱ ወረቀት፣ በትክክል ይሠራል። ስለዚህ «የመኪና ጋስኬት ወይስ የአውሮፕላን ጋስኬት?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ አያዋጣም። ጥያቄው ለእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ለብቻው ይቀርባል፦ ይህ ጋስኬት የሚያሽግ ብቻ ነው ወይስ ልኬትም ነው? የሚያሽግ ብቻ ከሆነ የሚመረጠው በሙቀቱና በሚነካው ፈሳሽ ነው፣ ከመኪና ዕቃ ሱቅም ሊገዛ ይችላል። ልኬት ከሆነ ግን በማይክሮሜትር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ሳይለካ ከየትም ቢመጣ አይገጠምም።

የምንነጋገረው ስለ ቮልስዋገን ታይፕ 1 ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ የተኙለት፣ እኛ በአጭሩ «የቮልስ ሞተር» የምንለው። በአሜሪካና በአውሮፓ ለዓሥርት ዓመታት በግል የተሠሩ ትናንሽ አውሮፕላኖችን ሲያበር ኖሯል። ኤሮቪ የተባለው ኪት ለምሳሌ 2180 ሲሲ ሆኖ በደቂቃ 3400 ዙር 80 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አስመላሽ ዘፈሩ አዲስ አበባ ውስጥ ለሠራት ኬ-570ኤ አውሮፕላን የተመረጠው ይኸው የቮልስ ሞተር ነበር። ከታች ያለው ምክር ለእንዲህ ዓይነቱ በግል ለተሠራ አውሮፕላን ብቻ ነው። የዓይነት ሰርተፊኬት ያለው አውሮፕላን ላይ የሚገጠም ጋስኬት የጸደቀ ዕቃ መሆን ስላለበት ምርጫው የመካኒኩ አይደለም።

ልኬት የሆኑት

ከሁሉ በፊት የሲሊንደር እግር። ቮልስ ላይ ሲሊንደሩ ሞኖብሎኩ ላይ በሚያርፍበት ቦታ የሚገባው ስስ ቀለበት፣ ሺም የሚባለው፣ ዘይት ከማገድ በላይ የሞተሩን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የአየርና የነዳጅ ድብልቁ የሚታመቅበትን መጠን፣ ይወስናል። 92 ሚሊ ሜትር ስፋትና 82 ሚሊ ሜትር ምት ያለው 2180 ሲሲ ሞተር አንዱ ሲሊንደር 545 ሲሲ ይይዛል። ኮምፕሬሽኑ 8 ለ 1 እንዲሆን ከፒስተኑ በላይ 78 ሲሲ ገደማ ቦታ መቅረት አለበት። ሺሙ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሳሳ ያ ቦታ በ3.3 ሲሲ ይቀንስና ኮምፕሬሽኑ ወደ 8.3 ይወጣል፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢሳሳ ወደ 8.7 ይጠጋል። መኪና ላይ ይህ ጉልበት ነው። ደቂቃዎች ሙሉ ነዳጅ ተረግጦ በሚወጣ አውሮፕላን ላይ ግን ከመጠን ያለፈ የቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ) ሙቀትና ዲቶኔሽን (ድብልቁ በፍንዳታ መቃጠሉ) ነው፤ መጨረሻው የተበሳ ፒስተን።

የሺም ምርጫ ወረቀት፣ መዳብና ብረት ነው። ወረቀት ርካሽ ነው፣ በደንብ ያሽጋል፣ ነገር ግን ሲጠብቅ ይሳሳል፤ በሙቀትም መሳሳቱን ይቀጥላል፣ የቴስታታው ዳዶም አብሮ ይላላል። መዳብ ይሻላል። ብረት ውፍረቱን ከሁሉም በላይ ይጠብቃል፣ ለብቻው ግን አያሽግምና ሁለቱንም ፊት የማይደርቅ ማሸጊያ በስሱ መቀባት ይፈልጋል። ለአውሮፕላን ከወረቀቱ ይልቅ ብረቱ ወይም መዳቡ ይመረጥ። አንድ ቴስታታ ሁለት ሲሊንደሮችን አብሮ ስለሚይዝ በአንድ ጎን ያሉት ሁለቱ ሺሞች እኩል መሆናቸው ግዴታ ነው፤ አራቱም እኩል ቢሆኑ ደግሞ ሞተሩ ይረጋጋል። ሺም ሲጨመር ቴስታታው ወደ ውጭ እንደሚገፋና የፑሽሮድ ርዝመትም እንደሚለወጥ አይዘንጋ። ፑሽሮድ ከተቆረጠ በኋላ ሺም የሚቀይር ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

ቀጥሎ የዘይት ፖምፓ። ሁለት ስስ ወረቀቶች አሉት፦ አንዱ በፖምፓው አካልና በሞኖብሎኩ መካከል፣ ሌላው በአካሉና በክዳኑ መካከል። ተንኮለኛው ሁለተኛው ነው። የጥርሶቹ ፊት ከክዳኑ ያለው ርቀት ያለ ጋስኬት ሲለካ ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የወረቀቱ ውፍረት ደግሞ በዚያ ላይ ይደመራል። «ትንሽ ወፈር ያለ ይሻላል» ተብሎ ከተራ ካርቶን የተቆረጠ ጋስኬት እዚህ ከገባ ፖምፓው አይፈስም፣ ሞተሩም በብርድ ጥሩ ግፊት ያሳያል። ዘይቱ ሲሞቅና ሲቀጥን ነው ግፊቱ የሚወርደው። ሰው ያኔ ቤሪንግ ይጠረጥራል፣ ሞተር ያወርዳል። በአየር ለሚቀዘቅዝ ቮልስ የተለመደው መለኪያ፣ ዘይቱ ሙቅ ሆኖ በየ1000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ ገደማ ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ፣ ሞተር ከመፍታት በፊት የፖምፓው ክዳን ተከፍቶ ወረቀቱና ክዳኑ ላይ የተቆፈረ ክብ መኖሩ ይታይ። ክዳኑ ከተቆፈረ ወረቀት በማሳሳት አይድንም፤ ይለወጣል ወይም ጠፍጣፋ እስኪሆን ይፈገፈጋል።

ሦስተኛው ጭራሽ ጋስኬት የሌለበት ቦታ ነው፤ ሁለቱ የሞኖብሎክ ግማሾች የሚገናኙበት መስመር። ላይኮሚንግ በተባለው የአውሮፕላን ሞተር ላይ እዚህ የሐር ክር ከማሸጊያ ጋር ይዘረጋል። ያንን ያየ ሰው ቮልስ ላይም ክር ወይም ወረቀት ልጨምር ቢል የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ቤሪንግ ቀዳዳ ያሰፋዋል፤ የቮልስ ሞኖብሎክ ብረት ለብረት እንዲጋጠም የተሠራ ነው። ሁለቱ ፊቶች በአሴቶን ተጠርገው፣ የማይደርቅ ፈሳሽ ማሸጊያ እንደ ቀለም በስሱ ይቀባሉ፣ አለቀ።

በፍላይዊሉ (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ባለው ከባድ መንኮራኩር) በኩል ያሉት ሦስት ሺሞችም ከዚሁ ወገን ናቸው። ክራንክሻፍቱ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተትበትን ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ኦይል ሲል (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት የሚያግደው ቀለበት) ሲቀየር ሺሞቹ ወልቀው በሌላ ከተተኩ ልኬቱ እንደ አዲስ ይወሰድ። ኦይል ሲሉን በተመለከተ ከጥቁሩ ላስቲክ ብርቱካናማው ሲሊኮን ሙቀት ይበልጥ ይችላል፤ በደረቁ ገፍቶ ማስገባት ግን ከንፈሩን ይቀደዋል፣ ዘይት ይነካ።

የቫልቭ ክዳን፦ ቡሽ ወይስ ሲሊኮን?

ሰዎች በብዛት የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው፣ ክርክሩን ያህል ግን ከባድ አይደለም። ክዳኑ በሽቦ የሚያዝ የፋብሪካው ቆርቆሮ ከሆነ ቡሽ ይመረጥ። ሽቦው የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ነው፤ ቡሽ በትንሽ ኃይል ይጨመቃል፣ ቦታውንም ይይዛል። ለስላሳ ሲሊኮን በሽቦ ሲጫን በንዝረት እየተንሸራተተ ከጠርዙ ይወጣል፤ ሲወጣ ደግሞ በአንድ ቦታ ብቻ ስለሆነ ዘይቱ ቀጥ ብሎ የጭስ ቱቦው ላይ ይወርዳል። ክዳኑ በቡሎን የሚታሰር አሉሚንየም ሆኖ ለጋስኬቱ ቦይ ካለው ግን ሲሊኮኑ ያሸንፋል፦ ቦዩ ይይዘዋል፣ አሥር ጊዜ ቢከፈትም ይመለሳል።

ቫልቭ በየ25 የበረራ ሰዓቱ የሚያስተካክሉ ብዙ ናቸውና ክዳኑ ደጋግሞ ይከፈታል። ቡሹን ከክዳኑ ጋር በኮንታክት ማጣበቂያ አጣብቀው በከባድ ዕቃ ሥር ያሳድሩት፤ ቴስታታውን የሚነካው ፊት ግን በስሱ ግሪስ ብቻ ይቀባ። በዚህ መልክ አንድ ቡሽ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ሁለቱንም ፊት ያጣበቀ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቡሹን በቢላ ፍቆ ያወርዳል፣ ፍቅፋቂው ደግሞ ወደ ቴስታታው ውስጥ ይገባል። አሁንም ከፈሰሰ ጋስኬቱን ከመቀየር በፊት ሽቦው ላልቶ እንደሆነ፣ ክዳኑም ጠርዙ ታጥፎ እንደሆነ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠው ይዩት።

የፑሽሮድ ቱቦዎች

8 ቱቦ፣ 16 ላስቲክ። ከቮልስ ሞተር ሥር የሚታየው ዘይት በአብዛኛው ከዚህ ነው። ነጩ ወይም ብርቱካናማው ሲሊኮን ከጥቁሩ ላስቲክ ረጅም ዕድሜ አለው፤ የዋጋው ልዩነት ምንም ስላልሆነ መከራከሪያ የለውም። የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ሳይሆን ቱቦው ነው። ጫፎቹ ላይ ያለው የተጣጠፈ ክፍል እንደ አኮርዲዮን ተስቦ፣ በስታንዳርድ ሞተር ላይ ቱቦው ከ190 እስከ 191 ሚሊ ሜትር መድረስ አለበት፤ አለዚያ ቴስታታው ሲጠብቅ ላስቲኩን የሚጫነው ኃይል አይኖርም። ሺም የተጨመረበትና ምቱ የረዘመ ሞተር ላይ 191 አይበቃም፤ በሞኖብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ርቀት ተለክቶ ረዘም ያለ ቱቦ ይታዘዝ። አሮጌ ቱቦ ደጋግሞ መሳብ መታጠፊያው ላይ ይሰነጥቀዋል። የቱቦው ስፌት ወደ ላይ ይዙር፤ ዘይቱ የሚተኛው ከታች ነውና ስፌቱ ቢከፈት እንኳ አይፈስም።

አማራጩ በስፕሪንግ የሚረዝምና የሚያጥር ባለ ሁለት ክፍል ቱቦ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ቴስታታ ሳይወርድ የሮከር ዘንጉንና ፑሽሮዱን ብቻ አውጥቶ መለወጥ ይቻላል። ጉዳቱ ራሱ ሦስተኛ የማሸጊያ ቦታ መጨመሩ ነው። ለአዲስ ሞተር የፋብሪካውን ቱቦ፣ ሜዳ ላይ ለሚጠገን አንድ ቱቦ የስፕሪንጉን እንመርጣለን።

የዘይት ወንፊት

ሁለት ወረቀት፣ መካከላቸው ወንፊት፣ ከሥር ክብ ክዳን፣ ስድስት ዳዶ። እዚህ ጋስኬቱ ቀላል ነው፤ ውፍረቱ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ዘይት የሚችል የጋስኬት ወረቀት በእጅ ቢቆረጥም ይሠራል። የሚያበላሸው የእጅ ጉልበት ነው። ዳዶዎቹ 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚፈልጉት። ሲፈስ ይበልጥ ማጥበቅ ክዳኑን በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወደ ላይ ያጥፈዋል፣ ፍሳሹ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ክሩ ከማግኒዚየሙ ሞኖብሎክ ውስጥ ይነቀላል። የታጠፈውን ክዳን ጠፍጣፋ ብረት ላይ ቀጥ አድርገው፣ ከየዳዶው ሥር አዲስ የመዳብ ሮንዴላ ያስገቡ። አሮጌ የመዳብ ሮንዴላ እስኪቀላ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ለስላሳ ይሆንና ያገለግላል፤ የአሉሚንየሙ ግን ይጣል።

የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ

የመግቢያው ጋስኬት ሲያፈስ ዘይት አይታይም፣ ለዚህ ነው የሚረሳው። ተጨማሪ አየር ይገባና ድብልቁ ይቀጥናል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይልቅ ይሞቃል። መኪና ሰሪዎች ሞተሩ እየሠራ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ይረጩና የዙሩን ለውጥ ያዳምጣሉ። ፕሮፔለር በሚሽከረከርበት ሞተር አጠገብ ይህ አይሞከርም። ሞተሩ ጠፍቶ የካርቡሬተሩ አፍ ይደፈን፣ በጣም ትንሽ የአየር ግፊት ይሰጥ፣ መገጣጠሚያዎቹ በሳሙና ውኃ ይቀቡ። አረፋው ይናገራል። ወረቀት ጋስኬት በቂ ነው፤ ፍላንጁ (የቱቦው መጋጠሚያ ፊት) ከተጣመመ ግን ወፍራም ጋስኬት አይፈውሰውም፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ይደረግ።

ጭስ መውጫው ላይ ከተደራራቢ የጋስኬት ካርቶን ይልቅ መዳብ ወይም ብረት ይግባ። እዚህ የሚያመልጠው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሆነ በእሳት መከላከያው ግድግዳ ቀዳዳ በኩል ወደ አብራሪው ሊደርስ ይችላል። ግራጫ ወይም ነጭ የጭስ ምልክት ጠርዙ ላይ ከታየ ሞተሩ ለበረራ አይነሳ። ርካሽ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ኮክፒት ውስጥ ከሌለ ደግሞ ከጋስኬቱ በፊት እሱ ይገዛ።

ማሸጊያ ፈሳሽ

ቱቦ ሲሊኮን የሁሉ መድኃኒት ተደርጎ የሚታይበት ጋራዥ ብዙ ነው። ከመገጣጠሚያው ወደ ውጭ የተጨመቀው ለዓይን ያስጠላል፤ ያንኑ ያህል ወደ ውስጥም ተጨምቋል። ያ ተቆርሶ ወንፊቱን ይዘጋል ወይም የግፊት መቆጣጠሪያ ቫልቩ ሥር ይገባል። ቤንዚን የሚነካው ቦታ ላይ ደግሞ ሲሊኮን ያብጥና ይላቀቃል። ለሞኖብሎክ መስመርና ለብረት ሺም የማይደርቁት፣ እንደ ፐርማቴክስ አቪዬሽን ቁጥር 3 ወይም ሃይሎማር ያሉት፣ ይመረጣሉ። የነዳጅ መስመር ክር ላይ ነጩ የቧንቧ ቴፕ በጭራሽ አይጠቅለል፤ ቃጫው ተበጥሶ የካርቡሬተሩን ጂግለር (የነዳጅ ማለፊያ ቀዳዳ) ይደፍናል። ነዳጅ የሚችል የክር ማሸጊያ ፓስታ አለ፣ እሱም ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ክሮች ራቅ ተደርጎ ይቀባል።

ከየት ይገዛ?

መርካቶና ሶማሌ ተራ ለሚያሽጉት ዕቃዎች በቂ ናቸው፦ የቫልቭ ክዳን ቡሽ፣ የወንፊት ወረቀት፣ ሮንዴላ፣ የመግቢያ ጋስኬት። ሻጩን «ኦሪጂናል ነው?» ብሎ መጠየቅ መልሱ ስለሚታወቅ አይጠቅምም። ላስቲኩን ያጥፉት፤ መታጠፊያው ላይ የጸጉር ያህል ስንጥቅ ከታየ ወይም ጥፍር ሲጫነው ምልክቱ ከቀረ ዕድሜው አልፏል። ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ የተሰቀለ ላስቲክ ስሙ ምንም ቢሆን አይገዛ። ወረቀቱን በካሊፐር አራት ቦታ ይለኩ፤ ውፍረቱ ከተለያየ ለወንፊት እንጂ ለፖምፓ አይሆንም።

የቮልስ ዕቃ ብቻ የሚሸጡ የውጭ ሱቆች ሁለተኛው ምርጫ ናቸው። ሜክሲኮ ውስጥ ቢትል እስከ 2003፣ ብራዚል ውስጥ ኮምቢ በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር ይዞ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ስለተመረተ አዲስ ዕቃ ዛሬም ይገኛል። የጀርመኖቹ ኤልሪንግና ቪክቶር ራይንዝ፣ የብራዚሉ ሳቦ በኦይል ሲልና በጋስኬት የታወቁ ስሞች ናቸው። ሺም በልዩ ልዩ ውፍረት፣ ረጅም የፑሽሮድ ቱቦና ኦይል ሲል ከዚህ ይታዘዙ። ሲታዘዝ የሲሊንደሩ ስፋት፣ የምቱ ርዝመትና የሞኖብሎኩ ቁጥር ይጻፍ፤ «ለቮልስ 1600» ብሎ ማዘዝ ያንኑ የማይገጥም ወረቀት ያስመጣል።

ሦስተኛው የአውሮፕላን ሞተር ኪቱን ራሱ የሸጠው ድርጅት ነው። ይወደዳል፣ አንዳንዱ ዕቃ ያው የመኪናው ሆኖ በሌላ ከረጢት ነው የሚመጣው። ቢሆንም በፕሮፔለሩ በኩል ያለው ነገር ሁሉ ከዚያ ብቻ ይገዛ፦ የፋብሪካው ቮልስ በዚያ ጫፍ ኦይል ሲል የለውም፣ ዘይት የሚመልሰው በፑሊው ላይ ባለው ጠመዝማዛ ቦይ ነው። ፕሮፔለር ተሸካሚው ሲገጠም ያ አሠራር ከኪት ወደ ኪት ስለሚለያይ የመኪና ሱቅ መልስ የለውም። የነዳጅ መስመር ኦ-ሪንግም እንዲሁ ከአቪዬሽን አቅራቢ ቢሆን ይሻላል፤ ከረጢቱ ላይ ላስቲኩ የተሠራበት ሩብ ዓመት ይጻፋል።

ስለ ነዳጅ ካነሳን፣ የመኪና ቤንዚን የሚጠቀም ሰው ስለ ኢታኖል ያስብ፤ ኢትዮጵያም በ2008 እ.ኤ.አ. 5 ከመቶ መቀላቀል ጀምራ ነበር። መስመር በተሰመረበት ብርጭቆ 10 ሚሊ ሊትር ውኃና 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ቀላቅለው ያናውጡት። ሲረጋ የታችኛው ውኃ ከ10 ከበለጠ ኢታኖል አለ። ያን ጊዜ ለካርቡሬተሩ ኢታኖል እንዲችል የተሠራ ላስቲክ፣ ለምሳሌ ተስማሚ ቪቶን፣ ይመረጥ።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ማስመጣት ለጋስኬት ይመቻል፤ ቀላልና ጠፍጣፋ ነው፣ መጽሐፍ መካከል ሳይታጠፍ ይመጣል። ኮንታክት ማጣበቂያና ተቀጣጣይ ማሸጊያ ግን በመንገደኛ ሻንጣ አይጫንምና ዘመድን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አያስቸግሩ።

በእጅ መቁረጥ አራተኛው መንገድ ነው። ለወንፊት፣ ለመግቢያና ለክዳኖች ይፈቀዳል። ወረቀቱ በሞኖብሎኩ ጠርዝ ላይ በመዶሻ እየተመታ አይቆረጥ፤ ለስላሳው ብረት ይጎረጎዳል፣ ያ ጉርጉድ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ያፈሳል። ጠርዙ በቀለም ተነክቶ ወረቀቱ ላይ ይታተም፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ በፓንች መጀመሪያ ይውጡ፣ ከዚያ ዙሪያው በመቀስ። የብስኩት ካርቶን ዘይት ይመጥጣል፣ ያብጣል፣ ይቦደሳል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ መገጣጠሚያዎቹ በቤንዚን ሳይሆን በማይቀጣጠል ማጽጃ ተጠርገው በነጭ የሕፃን ፓውደር ይረጩ። ሞተሩ 10 ደቂቃ ይሥራ፣ ይጥፋ፣ ሙሉ በሙሉ ይብረድ። ዘይት በፓውደሩ ላይ የሚተወው መስመር ፍሳሹ የጀመረበትን ትክክለኛ ቦታ ያሳያል። የአየሩ ፍሰት ዘይቱን ወደ ኋላ ስለሚጎትተው፣ በረራ ላይ ከታየ ፍሳሽ መነሻውን ሁልጊዜ ከሚታየው ቦታ ወደ ፊትና ወደ ላይ ይፈልጉ።